ቀኑን ቀድማችሁ ንገሩን፤ ከዚያ በኋላ አታራዝሙት

ግልጽ ደብዳቤ
ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣ ለኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት፣ ለክልል ትራንስፖርት ቢሮዎች
ከአዳማ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

አዳማ ውስጥ የአውቶቡስ ቦዲ ከሚሠሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። የምንሠራው ሕዝቡ ቅጥቅጥ የሚለውን መኪና ነው። ሻንሲው፣ ማለትም ሞተርና ጎማ ያለው የታችኛው ክፍል፣ ተገዝቶ ይመጣል። ከወለሉ እስከ ጣሪያው ያለው የእኛ ሥራ ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። አዲስ የደህንነት መስፈርት ስታወጡ የሚጸናበትን ቀን አስቀድማችሁ ንገሩን። ለዝግጅት የሚበቃ ጊዜ ስጡን። ቀኑ ከደረሰ በኋላ ደግሞ አታራዝሙት።

በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የማይስማሙ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። ማራዘሚያ ሲሰጥ ደስ የሚለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ከልቤ ነው የምለው፤ ምክንያቴን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። መስፈርት አይውጣ የምል ሰው አይደለሁም። አዳማን የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። የጅቡቲ ጭነት በእኛ በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚያበቃው እኛ ጋ ነው። ከዚያ ወደ አሰላ ወይም ወደ አዋሽ የሚቀጥለው መኪና ሁለት አቅጣጫ በሚጋራ መንገድ ላይ ይገባል። ከፊቱ ሲኖትራክ፣ ከጎኑ ባጃጅ፣ ከኋላው ተሳቢ አለ። እኛ የሠራነው ቅጥቅጥ ሰው ሞልቶ በመሃል ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከመቶ 92ቱ የሚሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እነዚህ አገሮች ያላቸው መኪና ግን ከዓለም 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። እንግዲህ የመኪናው ጥንካሬ የእኔም ጉዳይ ነው። መናኸሪያ ገብቼ የራሳችንን ሥራ ሳይ ውስጡ የተቀመጡትን እናቶችና ልጆች ነው የማየው።

ታዲያ ጊዜ ለምን አስፈለገ? ይህን ለማስረዳት ቀበቶን ልውሰድ። ከሁሉም ቀላል የሚመስለው እሱ ነው።

«ለእያንዳንዱ መቀመጫ የደህንነት ቀበቶ ይኑር» የሚል መስፈርት ወጣ እንበል። ቀበቶው ራሱ ችግር አይደለም። ከውጭ ይገዛል፣ በካርቶን ይመጣል። ችግሩ ቀበቶው የሚታሰርበት ቦታ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በግጭት ጊዜ በድንገት ሲቆም ቀበቶውን የሚስብበት ኃይል ከክብደቱ አሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ያ 700 ኪሎ ማለት ነው። ባለሁለት ሰው ወንበር ከሆነ 1,400 ኪሎ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው የወንበሩ እግር ነው። ከእግሩ ወደ ብሎኑ፣ ከብሎኑ ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ሻንሲው ይወርዳል። ወለሉ ስስ ላሜራ ከሆነ ብሎኑ ተነቅሎ ይወጣል። ያን ጊዜ ሰውየው ከነቀበቶው፣ ከነወንበሩ ወደ ፊት ይወረወራል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ጭምር ይጎዳል።

ለዚህ ነው በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች ውስጥ ቀበቶ ብቻውን የማይቆመው። ቀበቶው በደንብ ቁጥር 16 ይታያል። የሚታሰርበት ነጥብ በቁጥር 14፣ የአውቶቡስ ወንበርና ወንበሩ ከወለሉ ጋር የሚያያዝበት ጥንካሬ ደግሞ በቁጥር 80 ይታያል። እኛ ወረቀት ላይ አንድ መስመር የሆነውን መስፈርት ስናነብ ከኋላው ያሉት ሦስቱም ይታዩናል። ወንበሩን እንደገና መንደፍ አለብን። ከወለሉ ሥር ተጨማሪ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት) ማስገባት አለብን። ወንበሩ ስለሚከብድ የመኪናው ክብደት እንደገና ይሰላል። ክፍሎቹን ቅርጽ የምናስይዝበት ፎርማ ይቀየራል። በያጆቹ አዲሱን አሠራር ይለማመዳሉ። ናሙና ይሠራል፣ ይሳባል፣ ይሰበራል፣ እንደገና ይሠራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ቀበቶው የሚታዘዘው። ኤልሲ (ለውጭ ግዢ የባንክ የክፍያ ዋስትና) ይከፈታል። ዕቃው ባሕር ተሻግሮ፣ ጅቡቲ ደርሶ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቶ፣ ጉምሩክ ጨርሶ እስኪወጣ እንጠብቃለን። ሞጆ ለአዳማ ቅርብ ነው፤ ወረቀቱ ግን እንደ መንገዱ አያጥርም።

ይህን ሁሉ በሦስት ወር ውስጥ ጨርሱ ከተባልን ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ቀበቶው ይገጠማል። መርማሪው ያየዋል፣ ይስበዋል፣ ምልክት ያደርጋል። ወለሉ ግን ያው የድሮው ስስ ላሜራ ነው። መስፈርቱ ተሟልቷል ተብሎ ይጻፋል፤ ተሳፋሪው ግን በግጭት ቀን የሚይዘው ነገር አያገኝም። የጊዜን ጉዳይ የማነሳው ትርፍ ብቻ አስቤ እንዳልሆነ እዚህ ላይ እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። የተጣደፈ መስፈርት የሚያመጣው ለዓይን የሚታየውን ዕቃ ነው። ጥንካሬው ያለው ግን የማይታየው ቦታ ላይ ነው።

በራሳችን ላይ የደረሰም አለ። ሥራው ያለቀ፣ ቀለሙ የደረቀ አውቶቡስ ለምርመራ ወሰድን። «በጎን በኩል ተጨማሪ የአደጋ ጊዜ መውጫ ያስፈልጋል፤ አዲስ መመሪያ ወጥቷል» ተባልን። መመሪያውን እኛ ጋ የላከው ሰው አልነበረም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ባለቤቱ መኪናውን በባንክ ብድር ነው የገዛው። መኪናው ቆሞም ወለዱ ይቆጥራል። ምርጫ ስላልነበረን ያለቀውን ጎን ቆረጥነው። የቆረጥነው ላሜራ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። መውጫው የሚገባበት ቦታ ላይ ጣሪያውን ከወለሉ ጋር የሚያያይዘው ምሰሶ ነበር። ምሰሶው መኪና ሲገለበጥ ጣሪያው ሰው ላይ እንዳይወርድ የሚይዘው አጥንት ነው። ከጎኑ ሌላ ቱቦላሬ በይደን አጠናከርነው። ሆኖም ከመነሻው አስቦ መሥራትና ያለቀን ቆርጦ መቀጠል አንድ አይደለም። ብየዳው የውስጡን ስፖንጅ አቃጠለ፣ ቀለሙን ላጠ፣ ለዝገት በር ከፈተ። መውጫው አስፈላጊ መሆኑን ዛሬም አምናለሁ። ስድስት ወር ቀድሞ ተነግሮን ቢሆን ኖሮ ምሰሶውን ሳንነካ ቦታውን እናዘጋጅለት ነበር።

ስለ መገልበጥ ካነሳሁ አይቀር፣ ለዚህም ዓለም አቀፍ ደንብ አለው፤ ቁጥር 66 ነው። አውቶቡሱ 800 ሚሊ ሜትር ከፍታ ካለው መድረክ ላይ ቀስ ብሎ ያዘነብልና በጎኑ ይወድቃል። ከወደቀ በኋላ ተሳፋሪው የሚተርፍበት ቦታ ውስጥ ምንም የቦዲው ክፍል መግባት የለበትም። አንድ ሙሉ አውቶቡስ ማውደም ለእኛ ዓይነት አምራች ከባድ ነው። ደንቡ ራሱ ግን ሌላ መንገድ ይሰጣል። የቦዲውን አንድ ቁራጭ ብቻ ወስዶ መገልበጥ ይቻላል። ቁራጩን ኃይሉን ቀስ በቀስ እየጨመሩ መግፋት ይቻላል። በኮምፒውተር ማስላትም ይፈቀዳል። ከተማችን ውስጥ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። መምህራን አሉት፣ ተማሪዎች አሉት። እንዲህ ያለውን ሙከራ ከእነሱ ጋር መጀመር እንችላለን፤ ግን ደንቡ ከመጽናቱ በፊት መሆን አለበት። መፈተሻ በሌለበት ቀን የሚጸና መስፈርት የሚለካው በወረቀት ብቻ ነው።

ሌላው ግራ የሚያጋባን ነገር ቀኑ የሚቆጠረው ከየት እንደሆነ ነው። «ከዚህ ቀን ጀምሮ» ሲባል ምኑ? ቦዲው የተሠራበት ቀን? ሻንሲው አገር የገባበት? ለምርመራ የቀረበበት? ሰሌዳና ሊብሬ የወጣበት? አንድ መኪና እነዚህን ሁሉ ቀናት ያልፋል፤ በመካከላቸው ወራት አሉ። አንዱ ከተማ ያለ መርማሪ በአንዱ፣ ሌላው ከተማ ያለው በሌላው ሲተረጉመው አይተናል። መኪናው አዳማ ወድቆ ሌላ ቦታ ሲያልፍም አይተናል። አምራቹ የሚገደድበት ቀን ምርቱ ያለቀበት ቀን ቢሆን ጥሩ ነው። ያ ቀን ቦዲው ላይ በብረት ሰሌዳ ይመታ። የሐሰት ቀን የሚመታውን ቅጡት። ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ጊዜ መስጠት እኛ የፈጠርነው ሐሳብ አይደለም። የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደህንነት ሕግ አንድ መስፈርት ከወጣ በኋላ 180 ቀን ሳይሞላው ወይም አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ እንዳይጸና ይላል። መሥሪያ ቤቱ ከዚህ መውጣት ከፈለገ ለሕዝብ የሚበጅበትን ምክንያት ጽፎ ማውጣት አለበት። መኪና እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ሥርዓት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2007 ሲታዘዝ ባንድ ጊዜ አልተጫነም። ከመስከረም 2008 ጀምሮ ከአምራቹ መኪኖች 55 በመቶው፣ ቀጥሎ 75፣ ቀጥሎ 95፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ሁሉም ሆነ። በራሱ የሚይዘው ፍሬን እ.ኤ.አ. በ2024 ሲታዘዝ የሚጸናበት ቀን መስከረም 2029 ተባለ፤ ለትናንሽ አምራቾች አንድ ዓመት ተጨመረላቸው። አውሮፓ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አጠቃላይ የደህንነት ደንብ በሐምሌ 2022 አዲስ ዲዛይን ላላቸው መኪኖች ጸና። ቀድሞ ለሚመረቱት በሐምሌ 2024 ሆነ። አዲስ የሚነድፈው ቀድሞ ይገባል፣ በነባሩ ፎርማ የሚሠራው ሁለት ዓመት ያገኛል። ይህ ለእኛ በጣም ይስማማል።

ከሁሉም በላይ ልባችሁ እንዲያርፍበት የምፈልገው ግን አንድ ሌላ የአሜሪካ ድንጋጌ ነው። እንደ እኛ ሻንሲ ከአንዱ፣ ቦዲ ከሌላው ሆኖ በሁለት ደረጃ የሚሠራ መኪና ካለ፣ የመጨረሻው ሠሪ ከሻንሲ አምራቹ ላይ አንድ ዓመት ይጨመርለታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቦዲ ሠሪው ሻንሲው እንዴት እንደተቀየረ ሳያይ ሥራውን መጀመር አይችልም። አይሱዙ ሻንሲውን ሲቀይር እኛ የምናውቀው መኪናው ግቢያችን ሲገባ ነው። እኛ አገር ለሻንሲ አስመጪውና ለቦዲ ሠሪው የሚሰጠው ተመሳሳይ ቀን ነው።

የዓለም ንግድ ድርጅት የቴክኒክ መሰናክሎች ስምምነትም አለ። መስፈርት በሚታተምበትና በሚጸናበት ቀን መካከል ተገቢ ጊዜ እንዲኖር ይላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በዶሃ የአባል አገሮቹ ሚኒስትሮች ያ ጊዜ በመደበኛነት ከስድስት ወር ማነስ እንደሌለበት ወስነዋል። አገራችን አባል ለመሆን እየተደራደረች ነው። ለውጭ ላኪ ነገ የምንሰጠውን ጊዜ ለአገር ውስጥ አምራች ዛሬ ብንሰጠው ምን ይከብዳል?

ጎረቤታችን ኬንያ ከባዱን መንገድ አይታዋለች። የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ አካባቢ ለማታቱዎች (ለሕዝብ ማመላለሻ ሚኒባሶች) ቀበቶና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የፍጥነት መገደቢያ አዘዙ። በየካቲት 2004 ጸና። ብዙ ማታቱ ከመንገድ ወጣ፣ ሕዝቡ በእግሩ ሄደ። ዕርምጃው ድፍረት ነበረው፤ ዓላማውንም አከብራለሁ። ግን ቀኑ ከመድረሱ በፊት ዕቃው በቂ ሆኖ አገር መግባቱን ማረጋገጥ ቢቀድም የሕዝቡ መከራ ይቀንስ ነበር።

እንግዲህ የሚነሳ ትልቅ ጥያቄ አለ። «ጊዜ ስጡን እያላችሁ ሰው ይሙት?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ አልሸሸውም፤ ታሪክ ስላለው ነው። በአሜሪካ አየር ከረጢት (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ተሳፋሪውን የሚይዝ) እና መሰል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የታቀደው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። አምራቾች ተከራከሩ፣ መንግሥት እየተለወጠ ወጣ ገባ አለ፣ መስፈርቱ ተሰረዘ። በ1983 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስረዛው በቂ ምክንያት የለውም ብሎ መለሰው። በ1984 አዲስ ደንብ ወጣ፤ አየር ከረጢት በሁሉም አዲስ አውቶሞቢል ውስጥ ግዴታ የሆነው ለ1998 ሞዴል ነው። ከ1969 ጀምሮ ወደ 30 ዓመት ያህል ማለት ነው። በእነዚህ ዓመታት መትረፍ ሲችሉ የሞቱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ አምራች ጊዜ ሲጠይቅ ጠርጥሩ። ለምን እንደሚፈልገው በወር በወሩ ዘርዝሮ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ዲዛይን ይህን ያህል፣ ናሙና ይህን ያህል፣ ግዢ ይህን ያህል ይበል። ማሳየት ካልቻለ አትስጡት።

ለሁሉም ነገር እኩል ጊዜ አያስፈልግም። አንጸባራቂ ተለጣፊ፣ እሳት ማጥፊያ፣ መስታወት መስበሪያ መዶሻ በሳምንታት ይገጠማል። ተሳቢ ኋላ ላይ ትንንሽ መኪና ሥሩ እንዳይገባ የሚከለክለው ብረት በጥቂት ወራት ይደርሳል፤ ቶሎ ቢሆን ደስ ይለኛል። ወንበር፣ ወለልና መውጫ ዓመት ይፈልጋሉ። የጣሪያና የምሰሶ ጥንካሬ ከዚያም በላይ። የተገኘው ጉድለት አሁኑኑ ሰው የሚገድል ከሆነ ደግሞ ነገ አቁሙት። የሚሰነጠቅ ፍሬን ቱቦ ተገኝቶ ስድስት ወር ጠብቁ የሚል ሰው ከእኛ ወገን አይደለም።

ወደ ማራዘሚያው ልመለስ። ቀኑ ሲቃረብ ሁሌም ጩኸት ይነሳል። አልደረስንም፣ ዶላር አጣን፣ ዕቃ ወደብ ላይ ነው ይባላል። አንዳንዱ እውነት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ለደንበኛ የሰጠነው ዋጋ ሁሉ ተናጋ። ነገር ግን ቀኑን አምኖ ገንዘቡን አውጥቶ የተዘጋጀ ሰውም አለ። ወንበሩን ቀይሯል፣ ወለሉን አጠናክሯል፣ ዋጋው ጨምሯል። ቀኑ ሲራዘም ጎረቤቱ በድሮው አሠራር በርካሽ ይሸጣል። ደንበኛው ወደ ርካሹ ይሄዳል። የተዘጋጀው ይከስራል። በሚቀጥለው መስፈርት እሱም አይዘጋጅም፤ «ይራዘማል» ብሎ ይቀመጣል። አንድ ማራዘሚያ ከእሱ በኋላ የሚመጡትን ቀናት ሁሉ ያረክሳል። ለዚህ ነው ቀድሞ በቂ ጊዜ ሰጥቶ ከዚያ መጽናት የሚሻለው። የግድ ማራዘም ካስፈለገ፣ ቀድሞ ያዘዘበትን ሰነድ ለሚያቀርብ ለእሱ ብቻ ይሁን።

አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት መቆሙን ሰማን። አቅጣጫውን እደግፋለሁ። አውቶቡሱም ወደዚያው እየሄደ ነው። ባትሪው ከባድ ነው፤ ወለል ሥር ወይም ጣሪያ ላይ ይቀመጣል። ክብደቱ ቦታ ሲቀይር የምሰሶው ስሌት ይቀየራል። የባትሪው ደህንነት በደንብ ቁጥር 100 የሚታይ ሌላ ዓለም ነው። የወንበሩን መስፈርት ዘንድሮ፣ የጣሪያውን ከርሞ፣ የባትሪውን በሦስተኛው ዓመት ለየብቻ ካወጣችሁ ፎርማችንን ሦስት ጊዜ እንጥላለን። የአምስት ዓመት አንድ ሰሌዳ አውጡልን። ምን፣ ለየትኛው መኪና፣ መቼ እንደሚጸና ይኑርበት። የሚጸናበትን ቀን ደግሞ በየዓመቱ አንድ አድርጉት፤ መስከረም 1 ይሁን። አሜሪካኖቹም ብዙ ጊዜ የእነሱን መስከረም 1 ይጠቀማሉ፤ የሞዴል ዓመት መቀየሪያ ስለሆነ ነው። ለእኛ የዓመት መለወጫ ነው፤ ማንም አይረሳውም።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ረቂቁ ሲወጣ ለማኅበራችን፣ ለጋራዦች፣ ለተሳቢ ሠሪዎች ይድረስ። ጽሑፉ ብቻ ሳይሆን ሥዕሉና ልኬቱም አብሮ ይምጣ። የዝግጅት ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው ሙሉው የቴክኒክ ዝርዝር ከወጣበት ቀን ይሁን እንጂ ጋዜጣዊ መግለጫ ከተሰጠበት አይሁን። የክልል መርማሪዎችም ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ሥልጠና ያግኙ።

ከእኛ በኩል የሚጠበቀውን እናውቃለን። ረቂቅ ሲደርሰን አስተያየታችንን በጽሑፍ፣ በልኬትና በዋጋ አስደግፈን እንልካለን። ለሙከራ የሚሆን የቦዲ ቁራጭ በራሳችን ወጪ ሠርተን ለዩኒቨርሲቲው ለመስጠት ፈቃደኛ ነን። ባለሙያዎቻችሁ መጥተው ብየዳውን፣ ወለሉን፣ የወንበሩን ብሎን እንዲያዩ በራችን ክፍት ነው። ሲመጡ ያለቀውን መኪና ብቻ አይዩ፤ ላሜራ ያልለበሰው አጽም ላይ ቢመጡ ይሻላል። የሚቀጥለው ረቂቅ ከመውጣቱ በፊት ቢሆን ደግሞ ለሁላችንም ይጠቅማል።

ከአክብሮት ጋር
የአውቶቡስ ቦዲ ሠሪ፣ አዳማ